ሦስት ጭስ በአንድ ጣራ ሥር
የእማሆይ ባንችይርጋ ወርቅአገኘሁ የሕይወት ታሪክ

መጀመሪያ የሚሰማው የበሩ መወርወሪያ ነበር። ገና ሰማዩ ሳይቀላ የወይራው እንጨት ከግድግዳው ቀዳዳ እየተጎተተ ሲወጣ አንድ ረጅም፣ ደረቅ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ ትንሽ ሳል፣ ከዚያ የበሩ መንቋቋት ይከተላል። ቤት ውስጥ የተኛ ሁሉ ዓይኑን ሳይገልጥ «እማሆይ ተነሱ» ይላል። ቆባቸው ከበሩ ብርሃን ላይ የሚታየው ቆይቶ ነው። ማታም ያው እንጨት ተመልሶ ሲገባ ይሰማና ቤቱ ይተኛል። ዛሬ የምንሸኛቸው የዚያ መወርወሪያ ባለቤት ናቸው።

እማሆይ ባንችይርጋ በ1908 ዓ.ም. በብልባላ አካባቢ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወርቅአገኘሁ የሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ተወለዱ። አባታቸው ድጓ ያስተምሩ ስለነበር ቤቱ የተማሪ ማደሪያ ነበር፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ ሲመሽ ማን እንደገባ ማን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ለሴት ልጅ ትምህርት ባልታሰበበት በዚያ ዘመን እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጠው እየሰሙ ውዳሴ ማርያምን በጆሯቸው ተማሩ። ከአባታቸው ቤት ይዘውት የወጡት ሌላው ነገር ቀን ሲመሽ «ማን ቀረ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው።

በ1922 ዓ.ም. ያኔ ዲያቆን ከነበሩት፣ በኋላም ቄስ ከሆኑት ከምስጋኑ ደባሱ ጋር በቁርባን ተጋብተው ከነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደሚገኘው የባለቤታቸው የአባት ቤት ገቡ። ቀባሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ቤቱ ክብ፣ የድንጋይ፣ ባለ ደርብ ነው። የቤቱም ወግ ያገባ ደርብ ላይ ይተኛል፣ ያረጀ ታች እሳቱ አጠገብ ይወርዳል የሚል ነበር። ስለዚህ ሙሽራዪቱ ሲወጡ አማታቸው ወረዱ። አማታቸው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚፈልጉት ነገር ሲኖር በመቋሚያቸው የደርቡን ወለል ከታች ያንኳኩታል፤ እማሆይም ያኔ ልጅ ናቸውና እየተንደረደሩ ይወርዳሉ። አማታቸው እስኪያርፉ እንዲህ ኖሩ። ካረፉም በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ደረጃውን ወርደው ይጨርሱና ባዶውን መደብ አይተው ይመለሱ እንደነበር ለእኛ ለቤተሰባቸው አጫውተውናል።

ቄስ ምስጋኑ የነአኩቶ ለአብ አገልጋይ ነበሩ። የአገልግሎት ሰሞን ሲገባባቸው ቤት ስለማያድሩ፣ በሩን የመዝጋቱ ነገር ለእማሆይ ሆነ። መወርወሪያው እጃቸው የገባው በዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ለማንም አልሰጡም። ሰባት ልጆች ወልደው ሦስቱ አደጉላቸው። እነርሱም አሰለች፣ ሞላና ደሴ ናቸው። ቄስ ምስጋኑ በ1959 ዓ.ም. አረፉ።

በ1961 ዓ.ም. ሞላ ሽታዬን አገባ። ሙሽሮቹ በገቡበት ቀን እማሆይ አጎዛቸውንና ጋቢያቸውን ታቅፈው ከደርብ ሲወርዱ ሽታዬ አፍራ፣

«እማዬ፣ እኛ ታች እንሁን፤ እርስዎ ደርብዎ ላይ ይቆዩ» ብትላቸው፣

«ተይኝ ልጄ፤ ጉልበቴና ደረጃው ተኳርፈዋል» አሏት።

በማግስቱ የገብስ ስልቻ ተሸክመው ያንኑ ደረጃ ሲወጡ ያየቻቸው ሽታዬው ራሷ ናት። ይህን ባነሳችው ቁጥር ትስቃለች። ትላንት አንስታው አልሳቀችም።

ሞላ ደርብ ላይ ብዙ የመቆየት ሐሳብ አልነበረውም። ማዶ ካለው ጥግ ላይ የራሱን ጎጆ ሊቀልስ ሙሉ በጋ እንጨት ሲቆርጥ ከረመ። በ1962 ዓ.ም. ግን አሰለች ትዳሯ ፈርሶ ከወገል ጤና ልጇን አዝላ መጣች። እማሆይ ለምን ብለው አልጠየቋትም። ሞላን አዩት፤ ሞላም እናቱን አየና የቆረጠውን እንጨት ተሸክሞ አመጣ። በዚያ እንጨትና በጭቃ ከእማሆይ መደብ ጎን ለአሰለች ግርዶሽ ቆመላት። ሞላ ከዚያ በኋላ ጎጆ መቼ ትወጣለህ ሲሉት «ጎጆዬ ላይ እህቴ ተኝታበታለች» ይላል። የመጨረሻው ልጃቸው ደሴ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይተኛ ነበር።

እንግዲህ አንዲት መበለት፣ አንድ ባልና ሚስት፣ አንዲት ከትዳር የተመለሰች ሴትና አንድ ላጤ፣ ሁሉም ዐዋቂ፣ ሁሉም የየራሱ ጠባይ ያለው፣ በአንድ እሳት ዙሪያ ሆነ ማለት ነው። አሰለችና ሽታዬ በጠዋት እሳቱን ማን ይቅደም እያሉ ይነካከሱ ነበር።

«ይሄ ያባቴ ቤት ነው» ትላለች አሰለች።

«ይሄ የባሌ ቤት ነው» ትላለች ሽታዬ።

«ያንቺ ያባትሽ፣ ያንቺም የባልሽ ከሆነ ሁለታችሁም ውሃ ቅዱለት» ይላሉ እማሆይ፤ እንስራውን አንስተው በሩ ላይ ያስቀምጡታል። ሁለቱም ምንጭ ድረስ ተኳርፈው ወርደው፣ ሲመለሱ እየተሳሳቁ የሚመጡበት ቀን ነበር። ተኳርፈው ሄደው ተኳርፈው የሚመለሱበትም ነበር።

እማሆይ በ1965 ዓ.ም. ቆብ ጫኑ። አብረዋቸው የመነኮሱት እኩዮቻቸው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ገቡ። እማሆይም የሚመኙት ያንኑ ነበር፤ ከዋሻው የሚንጠባጠበው ጠበል የሚሰማበት፣ ሰው የማያስነሳቸው፣ እርሳቸውም ሰው የማይጠብቁበት አንድ ጠባብ ጎጆ። የንስሐ አባታቸው «መቼ ነው የሚመጡ?» ሲሏቸው «መወርወሪያውን የሚረከበኝ ሳገኝ» ይሉ ነበር። አላገኙም። ቆብ እንደጫኑ ከልጅና ከልጅ ልጅ መካከል ቀሩ። ድካም የገባቸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመስለናል።

ማታ ማታ እንጨቱን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና «ማን ቀረ?» ይላሉ። ሞላ ከደርብ «አለን» ይላል። አሰለች ከግርዶሹ ኋላ «አለሁ» ትላለች። ደሴ ግን እዚያው አጠገባቸው ተጋድሞ «ደሴ ቀረ!» ይላል። «እሱስ ይቅር፤ ጅብም አይፈልገው» ብለው መወርወሪያውን ይወረውራሉ። በየማታው ያው ነበር። ቤተኛውም ይህን ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ታወጀ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የመሬት ደልዳይ ኮሚቴም መሬት የሚሰጠው ለጭስ ነው፣ ለብቻው እሳት የማያነድ ለብቻው መሬት የለውም አለ። በአንድ እሳት የሚበላ ቤተሰብ ሰው ቢበዛበትም እንደ አንድ ሊቆጠር ነው። ደሴ ያኔ ሙሉ ጎልማሳ ነበር፤ ነገር ግን ሚስት ስላላገባ ጎጆ አልወጣም። ሞላም ባለ ልጅ ሆኖ ሳለ የሚበላው ከእናቱ ድስት ነበር። እማሆይ ይህን በሰሙ በማግስቱ ወንዝ ወርደው ድንጋይ እየተሸከሙ ማመላለስ ጀመሩ። ደርብ ላይ ለሞላና ለሽታዬ ጉልቻ ጎለቱ፤ በሩ አጠገብ ለደሴ ጎለቱ፤ የጥንቱ ጉልቻ የራሳቸውና የአሰለች ሆነ።

ኮሚቴው ሊያይ የመጣ ዕለት ሦስቱም እሳት ነደደ። እንጨቱ እርጥብ ነበርና ቤቱ በጭስ ታፈነ። የዚያን ጊዜው የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አለሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓይናቸውን እያበሱ፣

«እማሆይ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ከሰል ማክሰያ?» አሉ።

«ሦስት ጎጆ ነው ጌታዬ፤ አንድ የሆነው ጣራው ብቻ ነው።»

«ጌታ ቀርቷል እማሆይ፣ ጓድ ይበሉ።»

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።»

ከኮሚቴው መካከል የሳቀ ነበር ይባላል። ለሦስቱም ጭስ በየስሙ መሬት ተሰጠ። ኮሚቴው ዳገቱን ሲያልፍ እማሆይ ሁለቱን እሳት አጠፉ፤ ማታም ሁሉም በአንድ ገበታ በላ። መሬቱን ወንድማማቾቹ አንድ ላይ አረሱት፣ እህሉም በአንድ ጎተራ ገባ። ጉልቻዎቹ ግን ኮሚቴው ተመልሶ ቢመጣስ ተብሎ አልተነሱም። ሰው በጨለማ እየተደናቀፈባቸው ጣቱን ሲመታ ዓመታት አለፉ። ደሴ የራሱን ጉልቻ መቀመጫ አደረገው።

«አንተ ልጅ፣ ሚስት አምጣና ይሄ ድንጋይ ይጭስ እንጂ!» ሲሉት፣

«ባመጣትስ እኔ ከተቀመጥኩበት እሷ የት ልትቀመጥ ነው?» ይል ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያሳለፈው ስለሆነ መናገሩ አያስፈልግም። እርዳታው በየጭሱ ሲሰፈር እማሆይ የሦስቱንም በአንድ ድስት እያበሰሉ ቤቱን አቆዩት። ለራሳቸው የሚበሉትን ግን ያየ የለም፤ «በልቻለሁ» ይላሉ፣ መቼ ቢባሉ «ቅድም» ይላሉ።

በ1977 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለሰፈራ የሚሄድ ሰው ይውጣ ተባለ። የሚፈለገው ጎጆ የወጣ፣ ጉልበት ያለው፣ ሚስትና ልጅ የማያስቸግረው ነበር። ጓድ አለሜ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉም አልገቡም።

«እማሆይ፣ የደሴ ጭስ ይነሳል ተብሏል።»

«ደሴ የምን ጭስ አለው? ደሴ የእኔ ልጅ ነው፤ የሚጦረኝ እሱ ነው። ድንጋዩን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ እሳቱንም ያነደድኩት እኔ!»

«እኔ ያየሁት የእሱን እሳት ነው እማሆይ። ዓይኔን አስለቅሶኛል እኮ፤ ዛሬ አላየሁም እንዴት ልበል? የደሴ አልነበረም ካሉኝ ደግሞ የሞላም አልነበረም ማለት ነው፤ መሬቱ ሁሉ ይነሳል።»

እማሆይ ቀና ብለው ወደ ደርቡ አዩ። የሞላና የሽታዬ ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ፤ አንገታቸው ከስቶ ነበር። ደሴ ከጉልቻው ላይ ተነሳና፣

«ተይ እማዬ፣ ሰውየውን አታድክሚው። እሄዳለሁ» አለ።

በነጋታው ከሌሎች ጋር ከላሊበላ በጭነት መኪና ወደ መተከል ተወሰደ። በዚያው ዕለት እማሆይ የደሴን ጉልቻ አንድ በአንድ ነቅለው ከበሩ በታች ወዳለው ገደል ለቀቁት። ድንጋዮቹ ከዓይን ከጠፉ በኋላ ሲንከባለሉ ለብዙ ጊዜ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ መወርወሪያው አልተወረወረም። እማሆይ እንደ ልማዳቸው «ማን ቀረ?» ይላሉ፤ ሞላ «አለን» ይላል፣ አሰለች «አለሁ» ትላለች፤ ከዚያ ዝም ይሆናል። እማሆይም እንጨቱን ከግድግዳው አስደግፈው ይተኛሉ። ሞላ «እማዬ፣ ጅብ ይገባል፤ ልጆች አሉ እኮ» እያለ ቢለምን አልሆነም። ተነስቶ ቢዘጋው ተነስተው ይከፍቱታል። «ሁሉ ሳይገባ እንዴት እዘጋለሁ?» ይሉታል። እንዲህ ሆኖ የሞላም እንቅልፍ ሄደ። ዱላውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያድር ነበር። ሽታዬ ልጆቹን በደርቡ ጥግ ሰብስባ ታቅፋ ታድራለች። እሷና አሰለች መጣላቱ ራሱ ሰለቻቸው፤ እሳቱን የቀደመችው ትቀድማለች፣ የቀረችው ዝም ትላለች። ዐዋቂ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ሳይጣላም ሳይነጋገርም መኖር እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው። እማሆይ በእነዚያ ዓመታት አረጁ።

በ1980 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ጭጋግ በወረደበት አንድ ምሽት፣ ደሴ በእግሩ መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ማንኳኳት አላስፈለገውም፤ ገባና ጉልቻው በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠ። እማሆይ ለእልልታም ለለቅሶም አቅም አልነበራቸውም። ውሃ አሙቀው እግሩን አጠቡት። ያጠቡት እግር የእሱ አይመስልም ነበር። ከዚያ ተነስተው እንጨቱን አነሱና «ማን ቀረ?» አሉ። ሞላ «አለን» አለ። አሰለች «አለሁ» አለች። ደሴ የድሮውን ጨዋታውን ይጫወት ይሆናል ብለን ጠበቅን።

«ማንም አልቀረም እማዬ» ብቻ አለ።

እማሆይ ወረወሩት። ሞላ በማግስቱ ፀሐይ ደረጃው ላይ እስክትደርስ ተኛ፤ ማንም አልቀሰቀሰውም። ደሴ ከሰፈራው ጠፍቶ መምጣቱን መንደሩ አይቶ እንዳላየ ዝም አለ፤ ለዚህ ዛሬ እዚህ ያላችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። የእሱ መሬት ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

በዚያው ክረምት የእማሆይ እግር ማበጥ፣ ትንፋሻቸውም ማጠር ጀመረ። ላሊበላ ታይተው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ትንሽ ተሽሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን ከመደባቸው መነሳት አቃታቸው። ያኔ ደሴን ጠርተው «ድንጋይ አምጣ» አሉት። ደሴ ገደል ወርዶ ጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ የቀድሞዎቹ ይሁኑ አይሁኑ አላወቅንም። በሩ አጠገብ አስጎለቱት።

«አሁን የእውነት ይጭስ። ለኮሚቴ አይደለም፣ ለማንም አይደለም» አሉ።

በዚያ እሳት ላይ ደሴ ራሱ አጥሚት ያማስልላቸው ጀመር። አሰለች አይታ፣

«ኧረ ጉድ! ወንድ ልጅ ድስት ላይ ተጎንብሶ! ጎረቤት ቢያይህ ምን ይላል?» ብትለው፣

«እዚያስ ማን ያማስልልኝ ነበር?» አላት።

ስለ መተከል ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። አሰለችም ዳግመኛ አልቀለደችበትም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፍሙን ከእሷ እሳት እየጫረች ወስዳ ታቀጣጥልለት ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ እማሆይ በደርቡ መስኮት ፀሐይ እንዲያገኙ ሞላና ሽታዬ ቦታቸውን ለቀው ታች ወረዱ። ያሰበችው ሽታዬ ናት። ደሴ እናቱን አዝሎ ደረጃውን ሲወጣ እማሆይ ከጀርባው ላይ ሆነው፣

«ሽታዬ፣ ጉልበቴና ደረጃው ታረቁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሩን የሚዘጋው ደሴ ሆነ። እማሆይ ከላይ «ማን ቀረ?» ይላሉ፤ ከታች ሁሉም ይመልሳል፤ የእንጨቱን ድምፅ ይሰሙና ይተኛሉ። አንድ ቀን ሽታዬን «የሚረከበኝ አገኘሁ መሰለኝ። እንግዲህ ያችን ጎጆዬን ላሠራት ይሆን?» ብለዋታል። ሽታዬም «ያሠሯታል እማዬ» አለቻቸው። መነሳት እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እማሆይ ባንችይርጋ ትናንት ጥር 20 ቀን 1981 ዓ.ም. ጀንበር ስትጠልቅ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ባሉበት፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ምሽት ማንም ምንም ሳይጠይቅ ደሴ መወርወሪያውን ወረወረው። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት በነአኩቶ ለአብ፣ የጠበሉ ነጠብጣብ በሚሰማበት በኩል ይፈጸማል። ከኋላቸው ልጆቻቸውን ወይዘሮ አሰለች ምስጋኑን፣ አቶ ሞላ ምስጋኑንና አቶ ደሴ ምስጋኑን፣ ምራታቸውን ወይዘሮ ሽታዬን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በር ጠባቂ በማያሻው ቤቱ ያስገባልን፤ ሲመሽ ማን ቀረ ብለው የማይቆሙበት ያድርግላቸው። አሜን።

ደሴን ከቀባሪው መካከል ለምታጡት ሁሉ፦ ዛሬ ጠዋት ገና ሰማዩ ሳይቀላ መወርወሪያው ሲጎተት ተሰማ። ደርብ ላይ በአስከሬናቸው ዙሪያ ደክሞን አሸልበን ነበርና፣ ዓይናችንን ሳንገልጥ «እማሆይ ተነሱ» አልን። ሁላችንም አልን። ከዚያ ነቃን። ሞላ ደረጃውን ወርዶ ሲያይ እንጨቱ ከግድግዳው ተደግፏል፣ የደሴ እሳት በአመድ ተዳፍኗል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደሴ ጋቢውን ተከናንቦ ከመተከል የመጣበትን ቁልቁለት ሲወርድ ጀርባው ታየው። ሞላ በስሙ ጠራው። ደሴ ቆም አለ፤ ከዚያ ዞር ሳይል ሄደ።